ኮርስ ከመምረጣችን በፊት ስለ ሰኔያችሁ የምንጠይቀው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን።

ከእናንተ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «እኔ የመጣሁት ስለ ርቀት ትምህርት ምዝገባ ልማከር ነው፤ እናንተ ስለ እርሻዬ፣ ስለ መሥሪያ ቤቴ፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቁኛላችሁ። ምን አገናኘው?» ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ለሁላችሁም በጽሑፍ መመለሱ ይሻላል ብለናል።

ሥራና ቤተሰብ ይዞ በርቀት የሚማር ሰው ወደ እኛ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ያደናቀፈው የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን ጊዜ ማጣት ነው። አብዛኞቻችሁ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የቀበሌና የባንክ ሠራተኞች ናችሁ። ሞጁሉን አንብባችሁ መረዳት አያቅታችሁም። የሚያቅተው ሞጁሉን መቼ እንደምትከፍቱት ማወቁ ነው።

እስኪ ሰኔን እንይ። የወሎ ደጋ በልግ ያበቅላል። የበልጉ አዝመራ የሚሰበሰበው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ የመኸሩም እርሻ እዚያው ላይ ይደርሳል። የመንግሥት በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ ሒሳብ ክፍል ያለ ሰው ቅዳሜም እሁድም የለውም። መምህሩ ፈተና ያርማል፣ ውጤት ይሞላል። የሴሚስተሩ ፈተና እዚህ ላይ ሲወድቅ አምስት ኮርስ የያዘ ሰው ምን ሊሆን ነው? ጥርም እንዲሁ ነው፤ ሠርግ ተጠርቶ መቅረት በእኛ አገር እንዴት ይሆናል? ጾሙንም፣ ረመዳኑንም ጨምሩበት።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለውን ዓመት አንድ ወረቀት ላይ የምናሰፍረው። ሥራ የሚበዛባቸውን ሳምንታት እናንተው በቀይ ታሰምራላችሁ። ስንት ኮርስ እንደሚያዝ የምንነጋገረው የተረፈውን ነጭ ቦታ አይተን ነው።

«ቶሎ ልጨርስ፣ የደረጃ ዕድገት እንዳያመልጠኝ» የምትሉ አላችሁ። ጭንቀቱ ይገባናል፣ ደመወዙም ኑሮውም ይታወቃል። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 15 ክሬዲት የጨረሰ፣ አማካይ ነጥቡ ከ4.00 2.40 የሆነ ተማሪ እንውሰድ። ባለ 3 ክሬዲት አምስት ኮርስ ይዞ ሁለት ሲ፣ አንድ ዲ፣ ሁለት ኤፍ ቢያመጣ አጠቃላይ ነጥቡ 1.70 ይሆናል። ለመመረቅ ደግሞ ቢያንስ 2.00 ያስፈልጋል። ይኸው ተማሪ ሦስት ኮርስ ብቻ ይዞ አንድ ቢ እና ሁለት ሲ ቢያመጣ 2.38 ላይ ይቆያል። በመጀመሪያው መንገድ ኤፍ ያመጣባቸውን ኮርሶች እንደገና ከፍሎ ሊማር ነው። የቸኮለው ሰው ዘገየ ማለት ነው።

ሌላው አሳይመንት ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው በየከተማው እንዳለ እናውቃለን። ከእኛም የጠየቃችሁ አላችሁ። አንሠራም፣ ወደሚሠራም አንልክም። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የርቀቱም ጭምር፣ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ኮርሱን በሙሉ ጨርሶ ይህን ያላለፈ ሰው ዲግሪውን አያገኝም፤ ደግሞ መፈተን አለበት። በሰው እጅ የተሠራ አሳይመንት ያን ቀን አይረዳም። ብዙ ዓመት ደክማችሁ በመጨረሻው በር ላይ ስትቆሙ ማየት አንፈልግም።

ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ መሆኑንም አትርሱ። ማውስ ይዞ የማያውቅ ሰው መልሱን እያወቀ ሰዓቱ ያልቅበታል። ቢሯችን ያለው ኮምፒውተር ለዚህ መለማመጃ ክፍት ነው፤ ስታልፉ ግቡና ተለማመዱ።

በሞጁሉ ውስጥ በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን የራስ መፈተሻ ጥያቄዎች የሚዘላቸው ሰው ብዙ ነው። እኛ ስትመጡ መጀመሪያ የምናየው እነሱን ነው። መልሱ ከኋላ አለ፤ ሳታዩት ሞክሩና ከዚያ አስተያዩ። የሳታችሁት ላይ ምልክት አድርጋችሁ አምጡልን፣ የምክሩ ሰዓት በሙሉ እሱ ላይ ይውላል። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ግማሽ ሰዓት በዚህ መንገድ ማንበብ፣ ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ከማደር በእጅጉ ይበልጣል።

ገና ተቋም እየመረጣችሁ ያላችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት እውቅናውን አጣሩ። እውቅና ለተቋሙ ስም ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ትምህርት መስኩን፣ ካምፓሱን፣ መደበኛ ይሁን ርቀት የሚለውንም ይመለከታል። አዲስ አበባ ላይ እውቅና ያለው መስክ ደሴ ወይም ወልድያ ላይ አለው ማለት አይደለም። የሚጠየቀው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ መጠየቅ ከከበዳችሁ አብረን እንጠይቃለን። በ2014ቱ ጦርነት የትምህርት ማስረጃው የጠፋበት ሰው ካለም ከምዝገባው በፊት ወደ ተማረበት ትምህርት ቤት ሄዶ ምትኩን ቢጀምር ይሻለዋል፣ ጊዜ ይወስዳል።

ስትመጡ እስካሁን ያገኛችሁትን የውጤት ወረቀት፣ የቀሩትን ኮርሶች ዝርዝርና የያዛችሁትን ሞጁል ይዛችሁ ኑ። የተጋባችሁ ከሆነ ባለቤታችሁም አብረው ቢመጡ ደስ ይለናል። የጥናት ሰዓት የሚገኘው ከቤቱ ሰዓት ላይ ነውና ልጆቹን ማን እንደሚይዝ፣ የትኛው ማታ ለንባብ እንደሚለቀቅ ሁለታችሁ ባላችሁበት ብንነጋገር ዕቅዱ ይጸናል። ምዝገባው ከመዘጋቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም በሉ። በመጨረሻው ቀን የመጣውንም አንመልስም፤ ግን ዓመቱን ዘርግተን ለማየት ጊዜ አይኖረንም።

ከአክብሮት ጋር፣
የርቀት ተማሪዎች የምክር ቢሯችሁ
ደሴ