ይድረስ ለአባቴ፤ ስለ እግርዎ ሕመም

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤ ሐረር

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? በስልክ ስጠይቅዎ «ደህና ነኝ» ብለው ስለሚዘጉት መጻፉን መረጥሁ። እህቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደተኙና ወጌሻ ሊያስጠሩ እንዳሰቡ ነግራኛለች።

ባለፈው ስመጣ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በመኪና ግርግር ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። ከስፌት መኪናው ሲነሱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠው፣ ቀኝ እግርዎን ሳይረግጡ ቆመው ቀሩ። «ኩላሊቴን ብርድ መትቶኝ ነው» አሉኝ። አባቴ፣ የኩላሊት ሕመም ከመቀመጫ ተነሥቶ በባት በኩል እስከ ትንሿ ጣት አይነዝርም።

ይህ ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ መንገድ ነው። ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ እርሱ ነው። የሚያመው እግር ቢሆንም መነሻው ብዙ ጊዜ ወገብ ነው፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ የነርቩን ሥር ይጫነዋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የነርቩ መተላለፊያ ይጠባል። ተቀምጠው ሲሰፉ ከባሰብዎ ዲስኩ፣ ሲራመዱ ብሶ ጎንበስ ሲሉ ከቀለለዎ መጥበቡ ሊሆን ይችላልና ይህን ለሐኪም ይንገሩ።

የወጌሻን ሙያ አልንቅም፤ በልጅነቴ የወለቀ ክንዴን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ነርቭ የታመመበትን ወገብ ግን፣ በእርስዎ ዕድሜ፣ ሳይመረመር ማንም እንዳይስበው፣ እንዳይጠመዝዘው እለምንዎታለሁ።

መተኛቱም አይበጅም። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል፤ የሚረዳው ግን መንቀሳቀስ ነው። ጠዋትና ማታ እስከ ፈረስ መጋላ ቀስ ብለው ይራመዱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚውጡትን የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክን ግን ይተዉልኝ፤ ግፊት ላለበት ሰው አይስማማም፣ ጨጓራን ይልጣል፣ ኩላሊትን በእውነት የሚጎዳውም እርሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀን አይሰጥም። ሽንት እምቢ ካለዎ ወይም ካመለጠዎ፣ በጭኖችዎ መካከል ከደነዘዘዎ፣ እግርዎ ከከዳዎ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን እህቴን ይቀስቅሷትና ሆስፒታል ይሂዱ። ሰው አላስቸግርም ብለው እስኪነጋ እንዳይጠብቁ።

ቅዳሜ ከድሬዳዋ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ፤ ሰኞ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን። ለስፌት መኪናዎ የሚገጠም ሞተርም አግኝቻለሁ፤ ፔዳሉን መርገጥ ይቀርልዎታል።

ልጅዎ