ስሙን ሰርዢው፣ ጓንቱን አትንኪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናብ ሲመጣ የእናትሽን ጉልበት ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

የላክሻቸውን ዘፈኖች ሰማኋቸው። «አባዬ፣ ላውጣቸው ወይስ ይቅሩ? ሰው ምን ይለኛል?» ያልሽውንም አነበብኩት። በስልክ ልመልስልሽ አስቤ ነበር። ግን አባትና ልጅ በስልክ ስለ ፍቅር ማውራት ሲጀምሩ ኔትወርኩ ይጠፋል። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ፣ «ከእኔ በፊት ይህን ስማው» ያልሽኝን ሰማሁት። የካናዳዊቷን ዘፋኝ የጆኒ ሚቼልን «ብሉ»። በፈረንጆቹ 1971 የወጣ አልበም ነው። 10 ዘፈን ብቻ ነው ያለው፣ ሁሉም ተደምሮ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ድምጿ ድንገት ሽቅብ ሲወጣ ጆሮዬ ቶሎ አልወደደውም፤ አሁንም ሁለት ቦታ ላይ ፊቴን ያስጨማድደኛል። ሙዚቃው ግን ያዘኝ። ከበሮ እምብዛም የለም። 4 ዘፈን በፒያኖ፣ 2 በጊታር፣ የቀሩት 4 ደግሞ ደልሲመር በሚባል ጭን ላይ ተጋድሞ በሚመታ የተራራ ሰዎች መሣሪያ ነው የተሠሩት። አጃቢዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ጄምስ ቴይለር ጊታር ይመታላታል፣ ስቴፈን ስቲልስ አለ፣ ጥቂት ሰው ይጨመራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እሷና መሣሪያዋ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ የሙያ ነገር ልጨምርልሽ፣ አንቺም ትወጂዋለሽ። ሴትዮዋ በ9 ዓመቷ ፖሊዮ ይዟታል። ግራ እጇ ደከመ። የተለመዱትን የጊታር ኮርዶች መያዝ ሲቸግራት ክሮቹን ራሷ እንደሚመቻት ትቃኛቸው ጀመር። በሕይወቷ ከ50 በላይ የጊታር ቅኝት ተጠቅማለች ይባላል። ጊታር ተጫዋቾች በዚህ ሲገረሙ ይኖራሉ። ክራር የሚመታ ሰው ግን ብዙም አይገርመውም። ከትዝታ ወደ ባቲ ስትሄጂ ክሩን ትለውጪዋለሽ እንጂ በጣትሽ ጥበብ ብቻ አትደርሺም። በእጇ ድካም ምክንያት እኛ ዘንድ ወዳለው አሠራር መጣች ማለት ነው። አንቺም ጊታሩን ዝቅ አድርገሽ የቃኘሽበት ሁለተኛው ዘፈን ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጠው በዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ።

እኔ በሆቴል ባንድ ስዘፍን በነበረበት ዘመን ግጥሙን አንዱ ይጽፋል፣ ዜማውን ሌላው ይደርሳል፣ ሦስተኛው ያቀናብራል። ዘፋኙ ድምፁን ይዞ ይመጣል። ዛሬም በብዛት እንደዚያው ነው። ስለዚህ ዘፋኙ «ጥርሷ» ሲል የማን ጥርስ ነው ብሎ የሚያፋጥጠው የለም። የገጣሚው ሚስት ጥርስ ይሁን የጎረቤቱ፣ ማን ያውቃል! አድማጩም የራሱን ሰው አስገብቶበት ይጨፍራል። እኔ ስንት ምሽት ስለማላውቃት ሴት ዓይን እየዘፈንኩ እንጀራ በላሁ። ያ ትልቅ መደበቂያ ነው። በእርግጥ እኛም ዘንድ ክራር ይዞ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው አለ፤ አስናቀች ወርቁን አስቢ። ግን በካሴቱ ዘመን ያደገው ጆሮ የለመደው የመጀመሪያውን ነው። አንቺ ግጥሙንም ዜማውንም ራስሽ ሠርተሽ፣ ጊታሩንም ራስሽ ይዘሽ መጣሽ። መደበቂያ የለሽም። ቶሮንቶ ያለው ያገራችን ሰው ደግሞ የዘፈንሽለትን ልጅ ያውቀዋል፣ ቤተሰቡን ያውቃል፣ የተለያያችሁበትን ወር ሳይቀር ያውቃል። ፍርሃትሽ ከንቱ ነው አልልሽም።

ጆኒም መደበቂያ አልነበራትም። ከዘፋኙ ከግራሃም ናሽ ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሎሬል ካንየን በሚባል ሰፈር አብረው ይኖሩ ነበር። ስለ እሱ ነው ተብሎ የሚታመነው ዘፈን ላይ ሰማንያ አያስፈልገንም ትላለች። እናትሽ ይህን ስተረጉምላት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በ1970 ጆኒ ተነስታ ወደ አውሮፓ ሄደች። ግሪክ አገር፣ ቀርጤስ ደሴት ላይ፣ ማታላ በምትባል መንደር ከረመች። ዋሻ ውስጥ የሚኖሩ ወጣቶች የተሰበሰቡበት ቦታ ነበር። ከዚያ ሆና ለናሽ ቴሌግራም ላከችለት። አሸዋን አጥብቀህ ከጨበጥከው በጣቶችህ መሐል ያመልጣል የሚል። እሱ በዚያ ሰዓት የእሷን ቤት ወጥ ቤት ወለል እያነጠፈ ነበር። አስቢው፣ ተንበርክኮ ወለል የሚያነጥፍ ሰው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከናሽ ጋር ነኝ።

ማታላ ላይ ደግሞ ቀይ ፀጉር ያለው ምግብ አብሳይ አገኘች። ስለ እሱም ዘፈነች። ደስ የሚል ዘፈን ነው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ልጁን ትወደዋለች፤ ደግሞ ጥፍሬ ቆሽሿል፣ ንጹሕ አንሶላና የፈረንሳይ ሽቶዬ ናፈቀኝ ትላለች። ይህን የምትል ሴት ታምኛታለሽ። ቀጥሎ ከጄምስ ቴይለር ጋር ሆነች፣ ያም አልቆየም። ይህ ሁሉ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አለ። ዘፋኙ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ዘፈኖቹን ሲሰማ ደንግጦ፣ ለራስሽም እኮ የሆነ ነገር አስቀሪ ብሏታል ይባላል። በ1979 ራሷ ስለዚያ ጊዜ ስትናገር፣ ራሴን የምከላከልበት ምንም ነገር አልነበረኝም ብላለች።

እናትሽ የክሪስቶፈርሰንን ምክር ስትሰማ «ይሄ ሰው ጨዋ ነው» አለች። ዘፈን ከሚሆን መዝሙር ቢሆን የምትለውን ታውቂያለሽ። እኔ ግን ዘፈኖቹን ደጋግሜ ስሰማ ሌላ ነገር አየሁ። ሴትዮዋ ለራሷ አስቀርታለች። ያስቀረችው ሰው በማይጠረጥርበት ቦታ ነው።

ሦስተኛውን ዘፈን ታውቂዋለሽ፣ «ሊትል ግሪን»ን። ጆኒ በ1965 አንቺ ባለሽበት ከተማ፣ ቶሮንቶ፣ ሴት ልጅ ወልዳለች። ዕድሜዋ 21 ነበር። አላገባችም፣ ገንዘብ የላትም፣ ዮርክቪል ሰፈር ባሉ ካፌዎች ነበር የምትዘፍነው። (አሁን ያ ሰፈር የቅንጡ ሱቆች መንደር ነው ብለሽኛል።) ለወላጆቿ አልነገረቻቸውም። ልጅቷን ለማደጎ ሰጠች። ዘፈኑ ለዚያች ልጅ ነው። ወረቀቱን መፈረሟ ሳይቀር ውስጡ አለ። ግን አልበሙ ሲወጣ ሮሊንግ ስቶን የሚባለው የሙዚቃ መጽሔት ሐያሲ የዚህ ዘፈን ግጥም ጨርሶ አይገባም ብሎ ጻፈ። ፊት ለፊቱ ተቀምጦለት አላየውም! ታሪኩ ለሕዝብ የተሰማው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እናትና ልጅ በ1997 ተገናኙ።

ይህን ዘፈን በአባት ጆሮ ነው የሰማሁት፣ ስለዚህ ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከእኔ ወይም ከእናትሽ የምትደብቂው እንዲህ ያለ ሸክም ካለ፣ ዘፈኑ ይቆይና መጀመሪያ ደውዪ። ኔትወርኩ አይጠፋም።

ሌላው ያስተዋልኩት ጥፋቱን የምታስቀምጥበትን ቦታ ነው። «ሪቨር» የሚለውን ዘፈን ውሰጂ። ገና ደርሷል፣ እሷ ካሊፎርኒያ ናት፣ በረዶ የለም። እንዳገሯ ወንዝ ላይ በበረዶ ተንሸራትታ መሄድ ትመኛለች። (ወንዝ ረግቶ ሰው ላዩ ላይ ይሄዳል የሚባለውን ያንቺን ፎቶ እስካይ ድረስ አላምንም ነበር።) ፒያኖው የታወቀውን የገና ዜማ ይጀምርና አሳዝኖ ያጣምመዋል። እዚያ ውስጥ ሰውየውን አትከስም። አስቸጋሪዋ እኔ ነኝ፣ ራስ ወዳድ ነኝ፣ ጥሩውን ሰው ያጣሁት በራሴ ነው ነው የምትለው። ሰዎቹን የምትነካበት ቦታ አለ፤ አንዱን ካሜራዬን ወስዶ ሸጠ ትላለች። ከሁሉ በላይ የምትገልጠው ግን ራሷን ነው። ለዚህ ይመስለኛል ስሰማት ሐሜት የሰማሁ የማይመስለኝ።

«ኤ ኬስ ኦፍ ዩ» ላይ ደግሞ ማን እንደሆነ እስካሁን ይከራከራሉ። ናሽ ነው ይላሉ፣ ሌላው ዘፋኙ ሊዮናርድ ኮኸን ነው ይላል። ስም የለም። ግን ቡና ቤት ቁጭ ብላ፣ በብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን ጀርባ ላይ የካናዳን ካርታ ትስላለች፣ የሰውየውንም ፊት ሁለት ጊዜ ትስልበታለች። ያ ካርቶን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። የሰውየው ስም ቢነገረኝ ምን ይጨምርልኛል?

እንግዲህ ወደ ያንቺ ልምጣ፣ ሳላቆላምጥ።

አራተኛው ዘፈን ላይ የልጁን ስም ጠርተሻል። የሚሠራበትን ቦታ ጠርተሻል። እናቱንም አስገብተሻል። ሰርዢው። ማፈር አለብሽ ብዬ አይደለም። ልጁ መልስ የሚሰጥበት ማይክ የለውም፣ እናቱ ደግሞ በሁለታችሁ ነገር ውስጥ የለችበትም። ከሙያውም አንጻር ካየነው ደካማ ስንኝ ነው። ተናድደሽ የጻፍሽው መሆኑ ይታወቃል፤ ቤት ለመምታት ብለሽ «ውሸታም» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደግመሽዋል። ለማጥቃት የተጻፈ ስንኝ ልጁ የተረሳ ዕለት ያረጃል።

ሁለተኛው ላይ ግን ትራም ውስጥ ረስቶት የወረደው ጓንት አለ። ኮትሽ ኪስ ውስጥ አስቀመጥሽው፣ ልትመልሺለት ነበር፣ አልመለስሽም። ቀኝ እጅ ብቻ። እሱን እንዳትነኪው! «አልመለስኩም» ብለሽ ድምፅሽ የወረደበትን ቦታም አስተካክለሽ እንዳትቀጂው። ከእኔ ዘመን ገጣሚዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ስንኝ ሳይጽፍ ያረጀ ብዙ ነው። ቶሮንቶ ያለው ሰውም ቢሰማው የልጁን ስም ፈልጎ አያገኝም፣ የራሱን ጓንት ያገኛል።

መጀመሪያ ያስቀመጥሽው ዘፈን ከሌሎቹ አይሄድም። ከዩኒቨርሲቲ ጊዜሽ የቀረ ነው፣ አይደል? ስላለቀ ብቻ አታስገቢው። ጆኒ አልበሙ አልቆ፣ የሙከራ ሸክላ ሁሉ ታትሞ ሳለ፣ የቆዩ ሁለት ዘፈኖችን አውጥታ ሁለት አዲስ ተክታለች። አሁን መክፈቻና መዝጊያ የሆኑት እነዚያ ናቸው። ካሳታሚ ጋር ያን ያህል ከተጓዘች በኋላ እሷ ከለወጠች፣ አንቺ በራስሽ ላፕቶፕ ምን ያግድሻል?

እና መልሴ አውጪው ነው። በአራተኛው ላይ የነገርኩሽን አስተካክዪና አውጪው። ሰው ያወራል። የኛ ሰው ሠርግም ላይ ያወራል፣ ለቅሶም ላይ ያወራል። ጆኒ በ2015 ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሥር ፈንድቶ መናገርና መራመድ እንደ አዲስ ተማረች። በ2022 ኒውፖርት የሙዚቃ በዓል ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ወጣቶች አጅበዋት፣ ያንን የካርቶኑን ዘፈን ዘፈነችው። ዕድሜዋ 78 ነበር፣ ድምጿ ወርዶ ወፍሯል። ቪዲዮውን አየሁት። እኔ ከ1971ዱ ይልቅ ያንን ወደድኩት፣ ጆሮዬም አልተቆጣም። አንቺም ስንኝ ስታስቀሪና ስትሰርዢ በዚህ ለኪው። የልጅ ልጆችሽ ፊት ተቀምጠሽ ጓንቱን ትዘፍኚዋለሽ። የልጁን መሥሪያ ቤት ግን አትዘፍኚውም።

እናትሽን ለእኔ ተዪልኝ። ሁለተኛውን አሰማኋት። ምንም አላለችም፣ ግን «ልጁ ጓንቱን ሊጠይቅ አልመጣም?» አለችኝ። የመጣ እንደሆነ ንገሪኝና ልንገራት።

የአራተኛውን አዲስ ግጥም ስትጨርሺ በጽሑፍ ላኪልኝ፣ እንግሊዝኛው በዘፈን ሲመጣ ያመልጠኛል። ጊታሩን ደግሞ ወደ ማይኩ ጠጋ አድርጊው፣ ድምፅሽ ውጦታል።

አባትሽ