የሥዕል ተማሪዎች በኮድ መሳል ይማሩ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የሥዕል ተማሪዎች ፕሮግራሚንግን እንደ ሥዕል መሣሪያ እንዲማሩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

በዚህ ከተማ ሥዕል አስተምራለሁ። ደብዳቤውን በግልጽ የምጽፈው ወላጆችና የሙያ ባልደረቦቼም አንብበው ሐሳብ እንዲጨምሩበት ስለምፈልግ ነው። የምጠይቀው ይህ ነው፦ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሥዕል የሚወዱ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉ ይፈቀድላቸው፤ የሥዕሉና የአይሲቲው መምህር አብረው ይግቡ፤ ተማሪዎቹም በኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተር በሚጻፍ ትዕዛዝ፣ መሳል ይማሩ።

ፎቶ ማሳመርን ወይም የተዘጋጀ ቅርጽ መለጠፍን እያሰብሁ አይደለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሁሉ ጣሪያውን ያውቀዋል። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ሞልተውታል። ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ቆም ብሎ ያስተዋለ ግን አንዱ ከሌላው በጥቂቱ እንደሚለይ ያያል። ሠዓሊው አንድ ቅርጽ ይዞ ደጋግሞታል፤ ሲደጋግም ደግሞ ትንሽ ትንሽ ለውጦታል። በኮድ መሳል የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ተማሪዋ አንድ ክብና ሁለት ዓይን የሚሥል ትዕዛዝ ትጽፋለች። ትዕዛዙ በረድፍና በዓምድ እንዲደጋገም ታደርጋለች። ከዚያም የዓይኑ አቅጣጫ በየተራው በዘፈቀደ እንዲቀያየር፣ ግን ከዚህ ቁጥር እንዳያልፍ ብላ ትወስናለች። ቁጥሩ ሲያንስ ሁሉም ፊት ወደ አንድ ወገን ያያል፤ ሲበዛ ረድፉ ይተራመሳል። የት ላይ እንደሚያምር የምታውቀው እሷው ናት። ዓይን የሚሠለጥነው እዚያ ቁጥር ላይ እየወጣች እየወረደች ስትመርጥ ነው።

ቅዱሳት ሥዕላትን በማሽን እንተካ እንደማልል ይታወቅልኝ። የእነርሱ ሥርዓት ሌላ ነው። የቅርጽ ድግግሞሹንና ሐረግ የሚባለውን የተጠላለፈ ጌጥ ግን ልጆቻችን የመማሪያ መነሻ ቢያደርጉት ከቤታቸው አልራቁም። መሶብ የምትሰፋ እናት ቀለሙ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ትቆጥራለች፤ ሸማኔውም የጥለቱን ክር ይቆጥራል። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ይህን ቆጠራ እያዩ ያደጉ ናቸው።

መብራት ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩም ለሁሉም አይደርስም እንደሚባል አውቃለሁ። ለዚህ መልስ የሚሆኑት በሀንጋሪ ተወልደው ፓሪስ የኖሩት ሠዓሊ ቬራ ሞልናር ናቸው። ኮምፒውተር እጃቸው ከመግባቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ፣ ለራሳቸው የአሳሳል ሕግ እየደነገጉ ሕጉን በእጃቸው በወረቀት ላይ ይፈጽሙት ነበር። ኮምፒውተር ያገኙት በ1968 ነው፤ 100 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ያህል ሲቀራቸው በ2023 አረፉ። የእኛም ተማሪዎች ሕጉን በደብተር ጽፈው፣ ለጓደኛቸው ሰጥተው፣ ጓደኛቸው በእርሳስ ሊፈጽመው ይችላል። ጓደኛው የተሳሳተ ነገር ከሣለ ትዕዛዙ ግልጽ አልነበረም ማለት ነው። አንድ ኮምፒውተር ለ3 ልጅ ቢደርስ እንኳ ሥራው አይቆምም።

የሚገዛ ሶፍትዌርም የለም። ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤም አይ ቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የጀመሩት ፕሮሰሲንግ የተባለ በኮድ መሳያ ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ነው፤ የተሠራውም በተለይ ለሥነ ጥበብና ለዲዛይን ሰዎች ነው። አንድ ጊዜ በፍላሽ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ፓይተን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋም ከራሱ ጋር የሚመጣ የ«ኤሊ» መሣሪያ አለው፤ ኤሊዋ ወደፊት ስትባል ትሄዳለች፣ ዙሪ ስትባል ትዞራለች፣ በሄደችበት መስመር ትተዋለች። በዚሁ ፓይተን ተማሪው ለሚፈጥራቸው ትዕዛዞች «ሐረግ»፣ «መስቀል»፣ «ጥለት» ብሎ በፊደላችን ስም ማውጣት ይችላል። የቋንቋው መሠረታዊ ቃላት እንግሊዝኛ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ልጁ የሠራው ነገር ግን በአማርኛ ይጠራል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠና በራሱ መልካም ነው፤ ተማሪዎቼም እንዲወስዱት እመክራለሁ። የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ ትምህርት ግን ቀኑን ሙሉ ስትሥል ለምትውል ልጅ የመጀመሪያው መግቢያ አይሆንላትም። መጀመሪያ በጻፈችው ትዕዛዝ ስክሪኑ ላይ መስመር ስታይ ነው ቀጥላ «ይህንስ እንዴት ላድርገው?» የምትለው። ማዕዘን ማስላትና በረድፍና በዓምድ ቦታ መለየት ያን ጊዜ ለሥዕሏ የሚያስፈልጓት ነገሮች ይሆናሉ።

ስለ ምዘናው አንድ ነገር ላሳስብ። ይህን ትምህርት «የሉፕን (ትዕዛዝን የመደጋገሚያ ዘዴን) ትርጉም ጻፍ» በሚል ፈተና ከመዘንነው ገና ሳይጀመር ገደልነው። ነጥብ መሰጠት ያለበት ለንድፍ ደብተሩ፣ ተማሪው ላስቀመጣቸው የተለያዩ ሙከራዎችና ለምን ይኼኛውን እንደመረጠ ለሚሰጠው ማብራሪያ ነው። የተሳሳተ ኮድ አንዳንዴ ካሰብነው የተሻለ ሥዕል ያወጣል፤ እንዲህ ያለውን መጣል አይገባም።

ጊዜው ለትምህርት ቤቶቻችን ከባድ መሆኑን አልዘነጋም፤ ከዚህ የሚቀድም ብዙ ጉዳይ ጠረጴዛችሁ ላይ አለ። ስለዚህ በ2 ትምህርት ቤቶች፣ ለ1 ሴሚስተር ብቻ እንሞክረው። የመምህራኑን የትውውቅ ሥልጠናና የማስተማሪያ ጽሑፉን በአማርኛ ያለ ክፍያ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ። ከእናንተ የሚጠበቀው የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ፣ በየትምህርት ቤቱ ለ2ቱ መምህራን በሳምንት አንድ ከሰዓት ነፃ ጊዜና በሴሚስተሩ መጨረሻ የተማሪዎቹ ሥራ ታትሞ የሚሰቀልበት አንድ ግድግዳ ነው። የትኞቹ ትምህርት ቤቶች እንደሚሆኑ ብታሳውቁኝ በማግሥቱ ሥራ እጀምራለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥዕል መምህር፣ ከጎንደር