ጋሼ፣ ሞተሩን እንዳታስወርደው

ኤድመንተን፣ ካናዳ
ጥር 2017

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ኮምቦልቻ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ? ልጆቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ብርዱን ብቻ አታንሳብኝ። ዛሬ ጠዋት ከዜሮ በታች 27 ነበር። ደሴ ላይ ጋቢ ደርበን "ሞትን" የምንለው ሁሉ ለካ ቅንጦት ኖሯል።

በድምፅ ያልላክሁልህ ነገሩ ረዘም ስለሚል ነው። አንተ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ካለፈ አትሰማም። ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ወደ በኋላ ታየዋለህ።

ትራክተሩ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ይተፋል፣ የሙቀት ጌጁ ከታች አይነሳም፣ ዘይቱ ደግሞ ጭራሽ ይጨምራል ብለኸኛል። "ዘይት የሚወልድ ትራክተር ገዛሁ" ብለህ ስትስቅ እኔ አልሳቅሁም። መካኒኩ ሞተሩ ይውረድ፣ ፒስተን ይቀየር ብሏል አልከኝ። እባክህ ጋሼ፣ ቢያንስ ይቺን ደብዳቤ እስክትጨርስ አታስወርደው።

ከዘይቱ እንነሳ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጣና አሽትተው። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ጣትህ ላይም ቀጥኖ ከወረደ፣ ናፍጣ ገብቶበታል ማለት ነው። መልኩ ማኪያቶ ከመሰለ ግን ውሃ ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ወዲያው አጥፋውና ደውልልኝ። ያንተ ናፍጣ ይመስለኛል።

እንዴት ገባ? ናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ሻማ የለውም። አየሩን አፍኖ በሚፈጥረው ሙቀት ነው ናፍጣውን የሚያነደው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ከቀዘቀዘ የተረጨው ሁሉ አይነድም። ገሚሱ ነጭ ጭስ ሆኖ ዓይን እያቃጠለ ይወጣል። ገሚሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ አፍ ላይ ጥቁር እርጥብ ቅባት አለ ያልከኝም ከዚሁ የመጣ ነው። እንዲህ ከርሞ ግድግዳው ሲበላ ያኔ በእርግጥም ፒስተን ያስቀይርሃል።

"በኮምቦልቻ ሙቀት ሞተር እንዴት ይበርደዋል?" ማለትህ አይቀርም። እኛን የሚያልበን 30 ዲግሪ ለሱ ብርድ ነው። ውስጡ የሚዞረው ውሃ ከ70 በላይ፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ 80 አካባቢ መሆን አለበት።

አሁን እንመርምር። መጀመሪያ ግን ጌጁ ራሱ እየዋሸህ እንዳይሆን። ሞተሩ በርዶ ያደረ ጊዜ፣ ጠዋት፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ውሃውን እይ። ሲሞቅ እንዳትከፍት፣ የጎረቤታችንን ፊት ታስታውሳለህ። ውሃው ጎድሎ ከሆነ ሙቀት የምትለካዋ ቁራጭ አየር ላይ ትቀራለች። ሞተሩ እየፈላም ጌጁ "ቀዝቃዛ ነኝ" ይልሃል። ሽቦዋም ዝጎ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ነቅለህ አጽዳና መልሰህ ሰካ።

ውሃው ሙሉ ከሆነ ሞተሩን አስነሳና ከራዲያተሩ አናት ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በእጅህ ያዘው። ከማራገቢያው ራቅ በል፣ ነጠላህንም አውልቅ። ጤነኛ ሞተር ላይ ያ ቱቦ መጀመሪያ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ነው። ሞተሩ ውሃውን ለራሱ ይዞ እየሞቀ ነዋ። ቆይቶ፣ የውሃው ሙቀት ሲደርስ፣ ቱቦው በድንገት ይግላል። ያንተው ግን ገና ከመነሳቱ ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ ለብ ካለ፣ ውሃውን የሚከለክል በር የለም ማለት ነው። ወይ ተከፍቶ ደርቋል፣ ወይ ከነጭራሹ የለም።

ያ በር ተርሞስታት ነው። እዚህ የምሠራው በረዶ ጠረጋ ነው፣ ያንተን የምታክል ትንሽ ናፍጣ ትራክተር ይዤ። ባለፈው ወር የጋቢናው ማሞቂያ ሙቀት አልሰጥ አለኝ። እግሬ ደነዘዘ። ሽማግሌው መካኒክ ምንም ሳይፈታ ያንን ቱቦ ጨበጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሁለት ብሎን ፈታና አወጣው። መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ከቡና ስኒ ያነሰች ነገር ናት። ነሐስ መሳይ፣ ስፕሪንግ ያላት፣ ከታች ጣት የምትመስል ቁራጭ ያላት። ውስጧ ሰም አለ። ወርቅ የለም፣ ሰም ብቻ። ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና በሩን ይገፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ስፕሪንጉ ይዘጋዋል። የኛዋ ዝገት ተሰንቅሮባት ተከፍታ ቀርታ ነበር።

በእጄ ይዤ ሳያት አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቀዘቀዝሁ።

ጋሼ፣ ያንተ ትራክተር ተርሞስታት የለውም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ታስታውሳለህ፣ ከውቂያ በኋላ የጤፍ ጭድ ጭነን ወደ ደሴ ስንወጣ ትራክተሩ ሐረጎ ዳገት ላይ ፈላ። መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ስንጠብቅ አንተ ተበሳጭተህ በቆሎ እሸት እንኳ አልቀመስህም። እኔ ያኔ ገና ጋራዥ ለማጅ ነበርኩ። ጋራዥ ውስጥ የሚባለውን ብቻ ነው የማውቀው፦ "ተርሞስታት ለፈረንጅ አገር ነው፣ አውጥተህ ጣለው።" በማግስቱ አወጣሁትና ቱቦው ውስጥ የገባው ውሃ እንደልቡ ዞረ። ዳግመኛ አልፈላም። እጁ የተባረከ ነው ብለህ ለሰው ሁሉ አወራህልኝ። ጫማም ገዛህልኝ። ጫማዋን እስከ አዲስ አበባ አድርጌያታለሁ።

ለካ ያን ቀን ያፈላው ተርሞስታቱ አልነበረም። የራዲያተሩ ፊት ጭድና ገለባ ተጠቅጥቆበት ነበር። በጣቴ ስጠርገው ገለባው እንደ ምንጣፍ ተላጦ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግን አላሰብኩትም። ንፋስ የማያልፍበት ራዲያተር ምን ያቀዘቅዛል? እኔ ዋናውን ትቼ በሩን ነቀልኩት። ይኸው ስንት ዓመት ሞተርህ በብርድ ይሠራል። ይህን በስልክ ልነግርህ አፈርሁ።

ከኔ በኋላ ሌላ ሰው ከፍቶ አስገብቶበት እንደሆነ አላውቅምና ቱቦውን መጨበጥህን አትተው። ከሌለ ግን ሥራው ቀላል ነው። ሞተሩ ላይ ያለችውን የቁጥር ሳህን ፎቶ ላክልኝ፣ እኔ እዚህ ገዝቼ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። እዚያም ካገኘህ ግዛ፣ ግን ላዩ ላይ የታተመውን ቁጥር እይ፤ ብዙውን ጊዜ 71 ወይም 82 ይላል። መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። የሞተርህ መጽሐፍ የሚለውን ተከተል።

ከመግጠምህ በፊት ደሴ ቤት ስትወጣ ፈትሻት። በክር አንጠልጥለህ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ንከራት፣ የድስቱን ታች ሳትነካ። ውሃው ሲሞቅ ቀስ ብላ ስትከፈት ታያለህ። እማዬ ሽሮ የምትሠራበትን ድስት እንዳትነካ ብቻ፣ ጦሱ ለኔ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ 94 አካባቢ። 82ቷ ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ከ90 በላይ ትፈልጋለች። ደሴ ላይ ገርበብ ብላ ከቀረች ተበላሽታ አይደለምና እንዳትጥላት።

ስትገጥማት ሰም ያለበት ጣቷ ወደ ሞተሩ ይሁን። ላይዋ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካላት ቀዳዳዋ ወደ ሰማይ፤ አየር የሚወጣባት ናት። ጋስኬቱን ቀይር። ከሁሉ በፊት ግን፣ ጋሼ፣ ራዲያተሩን እጠብ። ውሃውን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እርጨው፣ ገለባው በገባበት ይውጣ። ሳታጥብ ከገጠምህ ሐረጎ ላይ መልሶ ይፈላና አሁንም እኔን ትረግማለህ።

ከዚያ ዘይቱን ከነፊልትሩ ቀይር። ናፍጣ የገባበት ዘይት ዘይት አይደለም። ገንዘቡን ልኬያለሁ፣ ለእማዬ ከላክሁት ለየት አድርገህ ውሰድ። ቀይረህም ዘይቱ መጨመሩን ካላቆመ ጥፋቱ ከናፍጣ ፓምፑ ወይም ናፍጣ ከሚረጨው ኖዝል ነው፣ ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን።

ዕቃው እስኪደርስ የራዲያተሩን ግማሽ በካርቶን ከልለው። እዚህም ያደርጉታል። ግን ዓይንህ ከጌጁ አይነሳ፣ ዳገት ስትወጣ ካርቶኑን አንሳ። ደግሞ እባክህ በሚኒሞ፣ ያለ ሥራ በዝቅተኛ ዙር፣ አስነስተህ ትተኸው ቡና አትጠጣ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስክትጨርስ ሞተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ይንጠረጠራል። ናፍጣ ሞተር ሥራ ፈቶ ሲቆም አይሞቅም። ወይ አጥፋው፣ ወይ ሥራ ስጠው።

ለመካኒኩ ክፉ አትናገረው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር፣ ከዚያም የባሰ አድርጌያለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ቱቦው ስንት ደቂቃ ቀዝቅዞ እንደቆየ ሰዓት ይዘህ ጻፍልኝ።

ታናሽህ