የመኪናው ባትሪ ስልክዎን ለምን አያቃጥለውም?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን በችኮላ መልሼ ስለዘጋሁት ሲከነክነኝ ሰነበተ። «ሞተር የሚያስነሳ ባትሪ ይህችን ስልክ እንዴት አያቃጥላትም?» ነበር ያሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ያ ባትሪ ሞተር ሲያስነሳ ከ100 አምፔር በላይ ይሰጣል። ለስልክዎ ደግሞ 1 ወይም 2 አምፔር ይበቃዋል።

አባዬ፣ ባትሪው ያለውን ሁሉ ስልኩ ላይ አያፈስም። መኪናው ላይ የሚሰኩት ቻርጀር ቮልቴጁን (የኤሌክትሪኩን ግፊት) 5 ላይ ከያዘለት፣ የሚፈልገውን ያህል ከረንት (በአምፔር የሚለካውን ፍሰት) የሚስበው ስልኩ ራሱ ነው። የቻርጀሩ ሥራ ሁለት ነው፦ 5 ቮልቱን ማጽናት፣ ከልክ በላይ ሲሳብም መከልከል።

ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ቮልቴጅ 14 አካባቢ ይደርሳል። ትርፉን 9 ቮልት በሙቀት እናጥፋው ቢባል፣ በ1 አምፔር 9 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ ለስልኩ ከሚደርሰው 5 ዋት ይበልጣል፤ ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ አትችለውም። ስለዚህ ቻርጀሩ ውስጥ ያለው ቺፕ መስመሩን በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የተቆራረጠውን ከረንት ጥቅል ሽቦው (ኮይሉ) እና ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር አለስልሰው ያወጡታል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የከረንቱ ገደብ የሚጠበቅበት መንገድ ነው። በብዙ ርካሽ ቻርጀሮች ውስጥ ኤምሲ34063 የሚባል ቺፕ አለ። ከባትሪው የሚመጣው ከረንት ወደ ቺፑ ማብሪያ ከመግባቱ በፊት በአንዲት ትንሽ ሬዚስተር (ከረንትን የምትቋቋም ዕቃ፣ መቋቋሟ በኦም ይለካል) ያልፋል። ከረንቱ በጨመረ ቁጥር በሬዚስተሯ ጫፎች መካከል ያለው ቮልቴጅ ይጨምራል። 0.3 ቮልት ገደማ ሲደርስ ቺፑ ለዚያ ዙር መስመሩን ይዘጋል። ሬዚስተሯ 0.33 ኦም ብትሆን፣ 0.3ን ለ0.33 ያካፍሉት፤ 0.9 አምፔር ግድም ይመጣል። በየዙሩ ከረንቱ ከዚያ አያልፍም። እርስዎ በልጅነቴ ያስተማሩኝ የኦም ሕግ (ቮልቱ ለኦሙ ሲካፈል አምፔሩን ይሰጣል የሚለው) ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም!

የሚያሳስበኝ ያ በጣም ይግላል ያሉኝ ቻርጀር ነው። ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ከሸተተ ግን እባክዎ ነቅለው ያስቀምጡት፣ ዳግም አይሰኩት። ደህናውን ይዤልዎት እመጣለሁ። አሮጌውንም አይጣሉት፤ አብረን ከፍተን ሬዚስተሯን እንፈልጋታለን፣ መነጽርዎን ብቻ ያዘጋጁ።

ናፋቂ ልጅዎ