ጠፍቼ ጠፍቼ ለችግሬ መጣሁ

ሚኪዬ፣

እንዴት ነህ? አውቃለሁ፣ ጠፍቻለሁ። የልጅህ ክርስትና ላይም አልመጣሁም፣ ስልክህንም አይቼ "ነገ እደውልለታለሁ" እያልኩ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ፤ አዳማ ስትመጣ እንደልብህ ትሰድበኛለህ። አሁን ግን ቸግሮኝ ነው።

አለቃዬ የመሥሪያ ቤቱን የ20 ዓመት የኤሮኖቲክስ፣ የበረራ ሳይንስ ማለት ነው፣ የምርምር ዕቅድ ጻፍ አለኝ። እኔን! አዎ፣ ሳቅ። ቅጹን ብታየው ደግሞ፣ ከላይ "ስትራቴጂክ" ይላል፣ ከታች ለእያንዳንዱ ምርምር "በ1ኛ ሩብ ዓመት የሚገኝ ውጤት" የሚል ሳጥን አለው። በሦስት ወር ምን ይገኛል? ሻይ ይጠጣል፣ ደብዳቤ ይጻፋል።

ሰሞኑን ናሳዎች እንዴት እንደሚያቅዱ ሳነብ ነው የማመሸው። ያቺ ኤክስ-59 የምትባል የሙከራ አውሮፕላን፣ ከድምፅ ፈጥና ስትበር የሚፈጠረው የፍንዳታ ድምፅ መሬት ላይ ለስለስ ብሎ እንዲሰማ የተሠራችው፣ ውሏ በ2018 ተፈርሞ የበረረችው በ2025 ነው፣ በፈረንጆቹ። ኤሌክትሪኳ ኤክስ-57 ጭራሽ ሳትበር ቀረች፤ በ2023 መብረሯ ቀርቷል አሉና የተማሩትን ጽፈው ለሌላው አወጡት። እኛ ጋ ቢሆን ኮሚቴ ተቋቁሞ አጥፊ ይፈለግ ነበር። ክንፍ ጫፍ ላይ ቀና የምትለዋ ዊንግሌትስ? የናሳው መሐንዲስ ዊትኮምብ የለፋባት በ1970ዎቹ ነው፣ ዛሬ ቦሌ ቆመህ ቁጠራት።

አለቃዬ ግን ገጽ በገለጠ ቁጥር "ድሮኑ የት አለ?" ይላል። ድሮን አልጠላሁም። የምንሠራውን ዕቃ ከመደርደራችን በፊት የምንጠይቀውን እንወቅ ነው ያልኩት፣ ያውም ሌላ አገር የማይጠይቅልንን።

እና... እንዴት ልበልህ። ያንተን ጥያቄ አስገባሁት።

ፍራንኮ ጋ፣ ጁስ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ንፋሱ እንዳይወስድብህ ወረቀቷን በአቮካዶ ብርጭቆ ተጭነህ የሣልካትን። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ሲሄድ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል፣ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ለምን? ንፋሱም አለበት፤ ግን ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል፣ ስለዚህ ወይ ከጭነቱ ወይ ከነዳጁ ትቀንሳለህ። እኛ እንስቅብህ ነበር። ወረቀቷ እኔ ጋ ናት። የብርጭቆው ክብ ያኔ አረንጓዴ ነበር፣ አሁን ቡናማ ሆኗል።

ኮሚቴው ከ40 ገጽ የወደደው እሷን ብቻ ነው። "ማን አሰበው?" ሲሉኝ ዝም አልኩ፣ ሚኪ። እነሱ ደግሞ ዝምታዬን ትህትና አደረጉት።

ሐሙስ የመጨረሻውን አስገባለሁ። ስምህን ልጻፈው? ወይስ ራስህ መጥተህ ትቀጥላታለህ? ከ10ኛው ዓመት በኋላ ያለው ሳጥን ባዶ ነው፣ ምን እንደምሞላበት ጠፍቶኛል። ደውል። አነሳለሁ፣ እናቴን!