ሰላዩን በስሙ፣ እኛን በመሶባችን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላዮችና ኮንትሮባንዲስቶች ዕቃ ስለሚደብቁባቸው ነገሮች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያናደደኝ መጨረሻው ላይ ጣል የተደረገው ዓረፍተ ነገር ነው። የሐረር መሶብ ታቹ ድርብ ሆኖ እየተሰፋ ለኮንትሮባንድ ይውላል ይላል። ማን ሰፋው? የት ተያዘ? ምን ተገኘበት? አንዱም አልተጻፈም።

ሠላሳ ዓመት ወስፌ ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝና ልናገር። የመሶብ ገበታ የሚጀመረው ከመሐሉ ነው። ስንደዶው እየተጠቀለለ፣ አክርማና አለላ እየተጠመጠመበት ዙሩ ወደ ውጭ ይሰፋል። ታቹን የከፈተ ሰው የመጀመሪያውን ስፌት ቆረጠ ማለት ነው፤ የተቆረጠ አክርማ ደግሞ እንደ ጨርቅ ተሰፍቶ አይመለስም፣ ጫፉ ተንጨባርሮ ይቀራል። ገና ሲሰፋ ድርብ ቢደረግስ? የውስጡን ጥልቀት ከውጭው ጋር በስንዝር መለካት ይበቃል። እኔ የምሰፋው እግሩም ከሥር ክፍት ነው፤ ገልብጦ ማየት ነው።

ስለ ውጭ አገሩ ስትጽፉ ግን እንዴት ተጠንቅቃችኋል! በ1953 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ጋዜጣ አዳይ ልጅ የተቀበላት ባለ አምስት ሳንቲም ወድቃ ለሁለት ስትከፈል፣ ውስጧ ቁጥር የተጻፈበት ማይክሮፊልም፣ ማለትም እጅግ ያነሰ የፎቶ ፊልም፣ ተገኘ። የቁጥሩ ምስጢር የተፈታው በ1957 ሃይሃነን የተባለው የሶቪየት ሰላይ ከድቶ ከመጣ በኋላ ነው። ሰላዩን በስሙ ጠርታችሁታል፤ ጋዜጣ አዳዮች ሁሉ ሰላዮች ናቸው አላላችሁም። በ1945 ሞስኮ ላይ ለአሜሪካ አምባሳደር የተበረከተው የእንጨት ቅርጽም ሰባት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆይቶ የስለላ ማዳመጫ ተገኝቶበታል። የሩሲያን እንጨት ጠራቢዎች በጅምላ የወነጀለ አለ? ታዲያ እኛ ጋ ስትደርሱ ጥፋተኛው ስለምን ዕቃው ሆነ?

ዘገባው በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ለእህቴ ልጅ ሠርግ አራት ወር የሰፋሁትን መሶብ ይዤ ወደ ድሬዳዋ ስወርድ፣ አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ክዳኑን አነሣ። ባዶ ነው። አልበቃውም፤ ገበታውን በሹል ብረት ሦስት ቦታ ወጋው። «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» ስለው «እማማ፣ በጋዜጣ ወጥቷል እኮ» አለኝ።

ኮንትሮባንድ የለም አላልኩም፤ ድሬዳዋ ተቀምጦ እንዲህ የሚል ሰው አይገኝም። መፈተሹንም አልቃወምም፣ ክዳን ተነሥቶ ይታይ። ኮንትሮባንድ ተደብቆበት የተያዘ መሶብ ካለም ቀኑና ቦታው ተጠቅሶ ይጻፍ። በእኛ ዘንድ ግን ስፌት የሙሽራ ማዕረግ ነው፤ ከየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የእናት እጅ ሥራ ነው። በአንድ መስመር የወንጀል ዕቃ አደረጋችሁት።

ሙሽራይቱ መሶቡን ስትቀበለኝ ቀዳዳዎቹን በመዳፏ ሸፍና ሳመችኝ። ያ ዓረፍተ ነገር በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ እርማት ይውጣልን።

ከስፌት ሠሪዎቹ አንዷ
ጀጎል፣ ሐረር